ከገብስ ማሳ እስከ ጅብራ

አምባ ጊዮርጊስ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋው የወገራ ሜዳ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዙሪያዋ ማሳው በአብዛኛው ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ነው። ጤፍ ውርጭ አይችልም፤ ስለዚህ ከፍታ መለኪያ ያልያዘ መንገደኛ እንኳ አዝመራውን አይቶ ደጋ መውጣቱን ያውቃል። ከዳባት አልፎ ወደ ሰሜን ተራሮች ሲዘለቅ ደግሞ ሰብሉ እያለቀ፣ ከፍታን የመናገሩ ሥራ ወደ ዱር ዕፀዋት ይተላለፋል።

ሜዳው ላይ የሚታየው ዛፍ በብዛት ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱ ደግሞ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ከውጭ የገባ ነው። አገሩን ቀድሞ ምን ሸፍኖት እንደነበር ለማወቅ የሚፈልግ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይገባል፤ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ የተረፉት እዚያ ነውና። ከቅጥሩ ውጭ ያለውም ዕፅ የራሱን ይናገራል። እሾሃሙ እምቧይ የተንሰራፋበት መሬት ከብት የበዛበት ነው፤ ከብቱ ሌላውን ግጦ እምቧይን ይተወዋል። ሳማ ደግሞ ፍግ የጠገበ አፈር ስለሚወድ የፈረሰ በረትን ወይም የተተወ መኖሪያን ያሳብቃል።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ካለበት ከደባርቅ ወደ ሳንካበር ሲወጣ የአስታ ዱር ይጀምራል። ቅርንጫፉ ላይ የተንጠለጠለው ግራጫ የዛፍ ሽበት ጉም የማይለየው ቦታ መሆኑን ያሳያል። ጎንበስ ብሎ ግንዱን ከሥር ማየት ግን የበለጠ ያስተምራል። አስታ ሲቆረጥ ወይም ሲቃጠል ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ከአንድ ጉቶ ብዙ ቀጫጭን ግንዶች ከወጡ ዛፉ መጥረቢያ ወይም እሳት አግኝቶታል ማለት ነው። ከአስታው በላይ፣ በግጭ አካባቢ፣ ዛፍ አቅም አጥቶ ቦታውን ለጓሳ ሣር ይለቃል።

የሣሩ ባለቤት ጭላዳ ነው። ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ እየነጨ ሲግጥ ይውላል፤ ሲመሽ ነብርና ጅብ ወደማይደርሱበት ገደል ወርዶ ያድራል። ሣር ዋና ምግቡ የሆነ ዝንጀሮ ዛሬ ሌላ የለም። የጠፉት ዘመዶቹ ቅሪተ አካል ግን ከደቡብ አፍሪካና ከኬንያ እስከ ስፔንና ሕንድ ድረስ ተገኝቷል። ስለዚህ የጥንት አጥንት የሚመረምሩ ሰዎች ያ ጥርስ ምን ያኝክ እንደነበር ለመረዳት ሕያው ማነጻጸሪያ የሚያገኙት እዚህ ነው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በሰሜን ተራሮች ጭላዳን በየግሉ እየለዩ ሲከታተሉ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት ጥናት፣ አዲስ ወንድ መንጋውን ሲነጥቅ ነፍሰ ጡር ከሆኑት ሴቶች አብዛኞቹ ጽንሳቸው እንደሚቋረጥ አሳየ። ነገሩ እስከዚያ ድረስ በዋነኛነት በቤተ ሙከራ አይጦች ላይ የሚታወቅ ነበር፤ በዱር ለማየት የብዙ ዓመት ትዕግሥት ጠይቋል።

ጭላዳን፣ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ሰሜንን የጎበኘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። አገሬው ሦስቱንም በስም ሲጠራቸው ኖሯል፤ ሩፔል ያደረገው ናሙናቸውን ወደ ፍራንክፈርት ወስዶ መመዝገብ ነው። ከሦስቱ ከዚህ ተራራ ውጭ በዱር የትም የማይገኘው ዋልያ ነው። የቅርብ ዘመዶቹ የሚኖሩት በቀይ ባሕር ዙሪያ በረሃማ ተራሮችና በአውሮፓ አልፕስ ነው። አባቶቹ ወደዚህ የመጡት ዓለም በቀዘቀዘበት ዘመን እንደሆነ፣ ሙቀቱ ሲመለስም ከፍታው ላይ ተነጥለው እንደቀሩ ይታመናል። ያ ቅዝቃዜ በዚህ ተራራ ላይ አሻራውን ትቷል፤ ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ በአናቱ ላይ የጥንት በረዶ ግግር የገፋውን የድንጋይ ክምር አጥንቷል።

ከጨነቅ ወደ ቧሂት ሲወጣ ጅብራ ነግሦ ይታያል። ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ብቻ ሲያበዛ ይኖርና አንድ ጊዜ ረጅም የአበባ ዘንግ አውጥቶ፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። ሌሊት ቅጠሎቹ ወደ ላይ ተሰብስበው እምቡጡን እንደ ጋቢ ይሸፍኑታል፤ በዚያ ከፍታ በቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ይበርዳል። ሙቀት ሲጨምር የቆላ ዕፅ ሽቅብ መሸሽ ይችላል፤ ጅብራ ግን ያለው አናቱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ ለጅብራ ከሚመቸው መሬት በ2080 ሊቀር የሚችለው 3.4 በመቶው ብቻ እንደሆነ ገምቷል።

ጎብኚ ይህን ሁሉ ለማየት ደባርቅ ላይ ተመዝግቦ ከፓርኩ ጥበቃ (ስካውት) ጋር ይገባል። አበባ ማየት የሚሻ ክረምቱ እንደወጣ በመስከረምና በጥቅምት ቢመጣ ይሻለዋል፤ ከዚያ በኋላ ሣሩ ይደርቃል፣ ሰማዩ ግን ጥርት ይላል፣ ዋልያም በገደሉ ላይ በቀላሉ ይታያል።