የፊት አክስል ተቀይሮ መኪናው ካልተስተካከለ፦ ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት የሚታዩ ነገሮች

ቪትዝ፣ ኮሮላ ወይም ዲዛየር የፊት አክስሉ ተቀይሮለት ከጋራዥ ወጥቷል። ነገር ግን ድሮ ያልነበረ ድምፅ ያሰማል፣ ዳገት ላይ ይንቀጠቀጣል ወይም የቆመበት ቦታ ላይ ዘይት ያንጠባጥባል። እንዲህ ሲሆን ባለመኪናው ቶሎ የሚሰማው ነገር «ካምቢዮው ነው» የሚል ነው። ከጥገናው በፊት ደህና የነበረ ካምቢዮ ግን በዚያው ሰሞን በአጋጣሚ የሚበላሽበት ዕድል ጠባብ ነው። ከጥገና በኋላ የመጣ ችግር መጀመሪያ የሚፈለገው እጅ በነካው ቦታ ነው። ድምፅ በብረት ላይ ስለሚሄድ ከግራ የተነሳው ከቀኝ ሊሰማ ይችላል፤ ስለዚህ ከየት መጣ ከማለት ይልቅ መቼ መጣ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

አክስሉ ምን ይሠራል?

የፊት ጎማ በሚጎትት መኪና ላይ ከካምቢዮው ወደ ግራና ቀኝ የሚወጡ ሁለት አክስሎች አሉ። እያንዳንዱ አክስል ሁለት ጆይንት አለው። በጎማው በኩል ያለው የውጭ ጆይንት አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ኳሶች የሚሠራ ሲሆን መሪ ሲታጠፍ አብሮ ይታጠፋል። በካምቢዮው በኩል ያለው የውስጥ ጆይንት ደግሞ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ አክስሉ እንዲረዝምና እንዲያጥር ያደርጋል። ሁለቱም ግራሶ ተሞልተው በጎማ ሽፋን ይዘጋሉ።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች አክስል የሚበላው በዚህ ሽፋን በኩል ነው። ሙቀትና ዕድሜ ጎማውን ያደርቁታል፣ ይሰነጠቃል። ከመቂና ከባቱ ዙሪያ የጥርጊያ መንገዶች የሚነሳው አቧራ በስንጥቁ ገብቶ ከግራሶው ጋር ሲቀላቀል ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያሉትን አሮጌ መኪኖች ጠግኖ ማቆየት ግድ ሆኗል። ብዙ ጊዜ የሚገጠመውም ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የመጣ ያገለገለ አክስል ነው። ስለዚህ «ተቀይሯል» ማለት «አዲስ ነው» ማለት ላይሆን ይችላል።

መጀመሪያ ሦስት ርካሽ ፍተሻዎች

አንደኛ፣ በጎማው መሃል ያለው ትልቁ ዳዶ። በብዙ ትናንሽ ቶዮታዎች ላይ ይህ ዳዶ የሚጠብቀው በ216 ኒውተን ሜትር ነው፤ አንድ ሜትር በሚረዝም እጀታ ጫፍ ላይ 22 ኪሎ ያህል እንደማንጠልጠል ማለት ነው። የእርስዎን መኪና ልክ ከመመሪያው ያረጋግጡ። ቁልፉን በቱቦ አስረዝሞ በግምት ማጥበቅ ልክ አይሰጥም። ዳዶው ከላላ ሲነሱና ሲያቆሙ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ የጎማው ኩሽኔታም በመኪናው ክብደት ይጎዳል።

ሁለተኛ፣ አክስሉ ካምቢዮው ውስጥ በትክክል መግባቱ። በብዙ መኪኖች የውስጠኛው ጫፍ የመቆለፊያ ቀለበት ስላለው ሲገባ «ጠቅ» ብሎ ይያዛል። መካኒኩ የውስጥ ጆይንቱን ቆብ በእጁ ይዞ ወደ ውጭ ይሳበው፤ መውጣት የለበትም። ዘንጉን መሳብ ግን ምንም አይነግርም፣ ጆይንቱን ከውስጥ ሊያላቅቀውም ይችላል።

ሦስተኛ፣ የካምቢዮ ዘይት። አክስል ሲነቀል ዘይት ይፈሳል። ሳይሞላ ከተነዳ ካምቢዮው ያፏጫል፣ አውቶማቲክ ከሆነም ማርሽ ሲገባ ይዘገያል ወይም ይንሸራተታል። ሲቪቲ ካምቢዮ የራሱ ዘይት አለው፤ የተገኘውን የአውቶማቲክ ዘይት መጨመር ካምቢዮውን ሊጎዳው ይችላል። አክስሉ በሚገባበት አፍ ዙሪያ እርጥበት ከታየ ደግሞ ሲገጠም ኦይል ሲሉ ተቀዶ ይሆናል፤ ኦይል ሲል ከካምቢዮ ጥገና ጋር የሚወዳደር ዋጋ የለውም።

ከዚያ መቼ እንደሚመጣ መለየት

መሪ እስከ መጨረሻው አጥፈው ገላጣ ሜዳ ላይ ቀስ ብለው ሲዞሩ «ቀጭ ቀጭ» ካለ ጥርጣሬው የውጭ ጆይንት ላይ ነው። ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ይሞክሩት። የተቀየረው አንዱ ብቻ ከሆነ ድምፁ ካልተነካው አሮጌ ወገን ሊሆን ይችላል።

ንዝረቱ ነዳጅ ሲሰጡ መጥቶ ሲለቁ ከጠፋ የውስጥ ጆይንቱ ይጠረጠራል። ለዚህ ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደው መንገድ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ከዴራ ወደ ኢተያ ሲወጡ ሞተሩ ጫና ስለሚበዛበት የተበላ ወይም ልኩ ያልሆነ አክስል ራሱን ያሳያል። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ላይ ነዳጅ ቢሰጡም ቢለቁም የማይለወጥ፣ ከፍጥነት ጋር ብቻ የሚጨምር ንዝረት ካለ ግን ወደ ጎማ ባላንስ፣ ወደ ጎማና ወደ ቸርኬ ይሂዱ። ፍሬን ሲይዙ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ፍሬኑን ያስፈትሹ።

መኪናው ቆሞ፣ ማርሽ ገብቶ፣ ፍሬን ተይዞ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አክስሉን ከመውቀስዎ በፊት የሞተርና የካምቢዮ መያዣ ጎማዎችን ያስፈትሹ። በፍጥነት የሚጨምር የማያቋርጥ ጉምጉምታ መሪውን በትንሹ ወደ ግራ ሲያዘነብሉ ከጨመረ የቀኙ ኩሽኔታ፣ ወደ ቀኝ ሲሆን ከጨመረ የግራው ይጠረጠራል፤ ክብደቱ የሚያርፈው በውጭ በኩል ባለው ጎማ ላይ ነውና። አክስል በመዶሻ ተመትቶ ሲወጣ ኩሽኔታ መጎዳቱ የተለመደ ነው።

የኤቢኤስ መብራት ከጥገናው በኋላ ከበራ የድሮውንና የአሁኑን አክስል ጎን ለጎን ያስተያዩ። በአንዳንድ መኪኖች የውጭ ጆይንቱ ላይ ፍጥነት የሚለካበት ባለ ጥርስ ቀለበት አለ። በተገዛው ላይ ቀለበቱ ከሌለ ወይም የጥርሱ ቁጥር ከተለየ መብራቱ ይበራል። አሮጌውን አክስል ከጋራዥ ይዘው መውጣትዎ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልተንቀሳቀሰ

ማርሽ ገብቶ፣ ሞተሩ እያጓራ፣ መኪናው ግን ካለበት ንቅንቅ ካላለ ካምቢዮው የሞተ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን አንዱ አክስል ከቦታው ወጥቶ ነው። ዲፈረንሻል ኃይሉን ወደ ቀለለው ወገን ስለሚልክ የወጣው አክስል በባዶ ይሽከረከራል፣ ደህነኛው ጎማ ምንም አይደርሰውም። በዚሁ ምክንያት አውቶማቲክ መኪና «ፒ» ላይ ቢቆምም ሊንከባለል ይችላል። ስለዚህ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ ያድርጉ፣ በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥርም አይግቡ።

ወደ ጋራዥ ሲመለሱ «ይጮኻል» ብቻ አይበሉ። በስንት ፍጥነት፣ ነዳጅ ሲሰጡ ወይስ ሲለቁ፣ ወደየት ሲታጠፉ እንደሆነ ጽፈው ይስጡ። የትኞቹ ቡሎኖች እንደተፈቱም ይጠይቁ፤ አሞርዛተሩን የሚይዙት ከተፈቱ መኪናው ወደ አንድ ወገን ሊስብ ስለሚችል አላይመንት ያስፈልገዋል። ዳዶው ልኩን ይዞ፣ አክስሉ ገብቶ፣ ዘይቱ ሞልቶ ድምፁ በአንድ የተወሰነ ማርሽ ላይ ብቻ ከቀጠለ፣ ወይም ከተቀዳው ዘይት ውስጥ የብረት ስብርባሪ ከወጣ፣ ያኔ ካምቢዮው ይውረድ።