«ፌቤን» የሚለው የሴት ስም በወለጋ፤ አመጣጡና መስፋፋቱ

በነቀምትና በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች የሴቶች ልጆች ስም ሲጠራ፣ ጫልቱ፣ ለሊሴ፣ አያንቱ ከሚሉት መካከል አልፎ አልፎ ፌቤን የሚል ይሰማል። ጫልቱ ማለት የምትበልጥ፣ ለሊሴ ማለትም የምታለመልም እንደ ሆነ ኦሮምኛ የሚያውቅ ሁሉ ወዲያው ይረዳዋል። ፌቤን ግን በኦሮምኛም በአማርኛም ቢፈቱት ትርጉም አይሰጥም። ስለዚህ ስሙን የያዘችው ልጅ በአገር ቤት «የፈረንጅ ስም ነው» ትባላለች፤ ውጭ አገር ስትሄድ ደግሞ «ፊቢ ተብሎ መጻፍ የነበረበት ተሳስቶ ነው» ትባላለች። በዚህ አጭር ጽሑፍ ስሙ ከየት እንደ መጣ፣ በመጨረሻው ያለችው «ን» ምን እንደ ሆነችና ስሙ ከወለጋ ታሪክ ጋር እንዴት እንደ ተገናኘ ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓመቶቹን የጻፍናቸው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ስሙ በአዲስ ኪዳን የሚገኘው በአንድ ስፍራ ብቻ ነው፤ ይኸውም ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት፣ በ16ኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ነው። ጳውሎስ በዚያ ስለ አንዲት ሴት አደራ ይላል፤ እኅት፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይና የብዙዎች ረዳት መሆኗን ይመሰክርላታል። የነበረችበትም ከተማ በቆሮንቶስ በስተ ምሥራቅ ያለው ወደብ ነው። ብዙ ሊቃውንት መልእክቱን ወደ ሮሜ ያደረሰችው እርስዋ ራስዋ ሳትሆን አትቀርም ይላሉ።

በግሪክኛ የዚህች ሴት ስም ፌቤን ሳይሆን ፎይቤ ነው፤ ትርጉሙም ብሩህ ወይም ንጹሕ ማለት ነው። በወለጋ ኢፍቱ ተብላ የምትጠራው ልጅ በትርጉም የፌቤን ሞክሼ ናት ማለት ነው። እንግዲህ «ን» ከየት መጣች? ግሪክኛ እንደ ግዕዝ ሁሉ፣ ስም ባለቤት ሲሆንና ተሳቢ ሲሆን መድረሻውን ይለውጣል። ጳውሎስ አደራ የሚለው ስለ እርስዋ ስለ ሆነ፣ ስሟ በዚያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ተሳቢ ነው፤ ስለዚህ ፎይቤ መሆኑ ቀርቶ ፎይቤን ይሆናል። ስሙ በሌላ ስፍራ ስለማይገኝ፣ ተርጓሚው ዋናውን መልክ የሚያይበት ዕድል አልነበረውም። የተሳቢውን መልክ እንደ ሙሉ ስም ወሰደው።

ይህ ግምት ብቻ እንዳልሆነ ሁለት ምስክሮች አሉ። የመጀመሪያው በዚያው ቍጥር ውስጥ የሚገኘው የወደቡ ስም ነው። ወደቡ በግሪክኛ ኬንክሬአይ ይባላል፤ በ1962 የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን ክንክራኦስ ይለዋል። መጨረሻ ያለችው «ስ» ግሪክኛው «በ» ለማለት ከሚጨምረው መድረሻ የቀረች ናት። ሁለተኛው ምስክር ለጢሞቴዎስ በተጻፈው ሁለተኛ መልእክት ውስጥ ያለው የአያቱ ስም ነው። ግሪክኛው ሎይስ ሲሆን አማርኛው ሎይድ ይላል፤ «ድ» የመጣችው አገባቡ ስሙን ሎይዲ ስላደረገው ነው። ሦስቱም ስሞች የአገባባቸውን ምልክት እንደ ያዙ ተሻግረዋል።

ከዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። አማርኛም ተሳቢን የሚያመለክተው በ«ን» ነው። ስለዚህ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ቍጥር ላይ «ፌቤንን» ብሎ ይጽፋል። የመጀመሪያዋ «ን» የግሪክኛ፣ ሁለተኛዋ የአማርኛ ናት፤ ሁለቱም የተቀጠሩት ለአንድ ሥራ ነው። የመጀመሪያዋ ሥራዋን ጨርሳ የስሙ አካል ስለ ሆነች፣ «ፌቤን መጣች» ስንል የትም አትሄድም።

አሁን ወደ ወለጋ እንመለስ። በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተዘጋጀው በምጽዋ አጠገብ፣ በምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ውስጥ በተሰበሰቡ ኦሮሞዎች ድካም ነው። መሪያቸው ኦኔሲሞስ ነሲብ ሲሆኑ፣ የወላጆቻቸው ስም ሂካ ነበር፤ በ1872 ሲጠመቁ፣ ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፈለትን የባሪያውን ስም ወሰዱ። እርሳቸውም ከባርነት ነፃ የወጡ ነበሩ። አስቴር ጋኖም በ1886 ነፃ ወጥተው ከዚያው ትምህርት ቤት ገቡ፤ ቃላት በመሰብሰብና ተረትና ምሳሌ በመጻፍ ለትርጕሙ ሥራ ትልቅ እርዳታ አደረጉ። ስማቸው በባዕድ ንጉሥ ቤት ውስጥ ሕዝቧን ያዳነችው የሙት ልጅ ስም ነው። በ1904 ወደ ወለጋ በተመለሱት ጊዜ አብረዋቸው ከነበሩት አንዲቱ ፌቤን ይባሉ ነበር። እነዚህ ሰዎች በቦጂና በነቀምት ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ አስቴር ጋኖም እስከ 1964 ድረስ በሕይወት ቆዩ።

ሁለት ስም መያዝ ለወለጋ አዲስ ነገር አልነበረም። የነቀምቱ ገዥ ኩምሳ ሞረዳ ራሳቸው ሲጠመቁ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተብለዋል። ይሁን እንጂ የእነ ኦኔሲሞስን ስሞች ለየት የሚያደርጋቸው ከባለቤቶቹ ሕይወት ጋር መስማማታቸው ነው። ከነፃነት በኋላ የተወሰደ የባሪያ ስም፣ ከወገን ርቃ ለወገኗ የሠራች ሴት ስም፣ እንዲሁም የብዙዎች ረዳት የተባለች እኅት ስም ናቸው።

ይህ ከሆነ፣ አስቴር የሚለው ስም በመላው አገር ሲበዛ ፌቤን ለምን ብርቅ ሆኖ ቆየ? ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። አስቴር በስሟ የተጠራ መጽሐፍ አላት፤ ማርታና ሣራም በልጅነት የሚነገር ታሪክ አላቸው። ፌቤን ያላት ግን በሰላምታ ዝርዝር ራስ ላይ የተጻፈ ጥቂት ቃል ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ስም ለልጁ የሚመርጥ፣ መልእክቱን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ነው። በ1959 የተቋቋመችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በወለጋ ብዙ ምእመናን ስላሏት፣ በቤት ውስጥ መጽሐፍ የማንበብ ልማድ በዚያ ጠንክሯል። ዛሬ ስሙ በአዲስ አበባም ይሰማል። በኤርትራም ብዙ ጊዜ «ፌቨን» ይባላል፤ ይህም በትግርኛ «ብ» ከአናባቢ በኋላ ስትመጣ ስለምትላላ ነው።

ስለዚህ ፌቤን የምትባል እኅታችን ስሟ ስሕተት ነው ብላ አትታረም። ፊቢ የእንግሊዞች አነጋገር ነው፤ ፌቤን ደግሞ የእኛ ነው። ስለ ወለጋ ትምህርት ታሪክ ስንጽፍም የኦኔሲሞስን ስም ብቻ ጠቅሰን ማለፍ አይገባንም። ከጎናቸው ያስተማሩና የሠሩ ሴቶች ነበሩ፤ የአንዲቱም ስም እስከ ዛሬ በነቀምት ሰፈር ሲጠራ ይሰማል።