ሦስት ቀን በአዲስ አበባ፤ ከጎጃም ለሚሄድ ተማሪ

ተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በዕረፍት ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ደርሰው ሲመለሱ «ምን አያችሁ?» ተብለው ቢጠየቁ የብዙዎቹ መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ መርካቶን፣ ቦሌን፣ የዘመድ ቤትን። ይህን ጽሑፍ እንዳቀርብ ያነሣሣኝ እኔ ራሴ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ከፍኖተ ሰላም ተነሥቼ ያደረግሁት ጉዞ ነው። ማክሰኞ ማታ ገባን። በማግሥቱ ክትፎ ለመብላት ወር ሙሉ ስንመካከር ቆይተን ነበርና ረቡዕ መሆኑን ያስታወስነው ክትፎ ቤቱ በር ላይ ከቆምን በኋላ ነው። ሐሙስ ጠዋት ቦሌ ወረድን፣ ከቀትር በኋላ እንጦጦ ወጣን፣ ሲመሽ ደግሞ ዕቃ ረስተን ኖሮ ወደ ቦሌ ተመለስን። ገንዘባችን በታክሲ አለቀ። ዓርብ እንደገና ጾም ሆነ፤ ቅዳሜ ንጋት ላይ ክትፎ ሳንቀምስ ተሳፈርን። ጥፋቱ የራሳችን ስለ ነበር ሌላው እንዳይደግመው ያህል የተማርነውን እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የሚመረጠው ቀኑ ነው። ሐሙስ ንጋት ላይ ተነሥቶ ማታ የሚገባ ተማሪ ዓርብን፣ ቅዳሜንና እሑድን አግኝቶ ሰኞ ይመለሳል። ከሦስቱ ቀኖች አንዱ ብቻ የጾም ይሆናል ማለት ነው፤ ያም ቀን ቢሆን እንደምናየው የራሱ ጥቅም አለው። በሁዳዴ 55 ቀን የሚሄድ ሰው ግን በራቸውን የዘጉ ሥጋ ቤቶችን መጎብኘቱ ነው። የማይጾም ጓደኛችንም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፤ ባለቤቱ ከዘጋ ለሁሉም ዘጋ። ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው 50 ቀን ነው፤ በዚያ ወቅት ረቡዕና ዓርብም ይፈሰካሉና።

ስለ መንገዱ ብዙ አልናገርም። ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከቡሬ የሚነሣ ትንሽ ይጨምርበታል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ምክንያት መንገዱ አንዳንድ ጊዜ እየተዘጋ ስለሆነ፣ በዋዜማው መናኸሪያ ሄዶ ከሹፌሮች መጠየቅና መታወቂያ መያዝ ግድ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ እንቅልፍ የሚወስደው ተማሪ ግን ያሳዝነኛል። የጉብኝቱ የመጀመሪያ ክፍል እዚያ ነው፤ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው ድልድይ ከአሮጌው ጎን ተዘርግቶ ይታያል። ከዚያ ጎሐ ጽዮን ይወጣል፣ ፍቼ በጎን ይታለፋል፣ ሱሉልታ ይደረሳል፤ ከተማው የሚገባውም በእንጦጦ ጋራ በኩል ነው።

የዕቅዱ ምሥጢር ከዚህ ላይ ነው። የጎጃም መንገደኛ አዲስ አበባን የሚያገኘው ከራስጌው ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን ቦሌ ግን ወደ 2,300 ሜትር ዝቅ ይላል። ከተማው ራሱም የተወለደው በዚሁ ቁልቁለት ነው፤ ምኒልክ በእንጦጦ ተቀምጠው ሳለ እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ወርደው ቦታውን ስለ ወደዱት አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ስለዚህ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች የሚሄድ ተማሪ የከተማውን ታሪክ በቅደም ተከተሉ ያየዋል፤ እግሩም ቁልቁለት ስለሚያገኝ የታክሲ ገንዘቡ ይተርፋል።

ዓርብ በጠዋት እንግዲህ እንጦጦ ነው። የፍኖተ ሰላም ልጅ ከ2,000 ሜትር በታች ያደገ ስለሆነ ሹራብ ወይም ጋቢ ሳይዝ አይውጣ፤ ብርዱ ቀልድ አይደለም። በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ነግሠዋል፤ አጠገቡ ሙዚየምና አሮጌው ቤተ መንግሥት አሉ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው መናፈሻ ለመንሸራሸር ያምራል፤ በውስጡ ያለው የምግብና የጨዋታ ዋጋ ግን የተማሪ አይመስለኝም። ከዚያ በሽሮ ሜዳ በኩል ይወረዳል። የሸማ ነጋዴዎቹን ሱቅ ማየት በነጻ ነው፤ መግዛት ያማረው ተከራክሮ ይግዛ።

ስድስት ኪሎ ሲደረስ መቸኮል አይገባም። በአደባባዩ መካከል የቆመው ሐውልት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፋሽስቶች ለተጨፈጨፈው ሕዝብ መታሰቢያ ነው። ፊት ለፊቱ ያለው ግቢ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበረ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም በዚሁ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ከየብሔረሰቡ የተሰበሰበው ዕቃ እንዳለ ሆኖ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍልም ሳይቀር ይታያል። (ክፍት መሆኑን በር ላይ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።) ከደጁ የቆመውን ጠመዝማዛ ደረጃ ጣልያኖች የፋሽስት አገዛዝ በሥልጣን ላይ ለቆየበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን እያሉ የሠሩት ነው፤ ከነጻነት በኋላ በጫፉ የአንበሳ ሐውልት ተቀመጠበት። ደረጃው ወደየትም አያደርስም፤ እኔ ከሙዚየሙ ዕቃ ሁሉ ይልቅ እሱን ሳይ ብዙ ቆየሁ።

ምሳ እዚያው አካባቢ ይበላል። ዓርብ ጾም መሆኑ የሚጠቅመው አሁን ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሚበዛበት ሰፈር በያይነቱ በልኩ ዋጋ ይገኛል። ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ፎሶሊያ፣ ሱፍ ፍትፍት ባንድ ትሪ ለሁለት ሰው ይበቃል። እንጀራው ቢያምር አንደነቅ፤ ጤፉ ከእኛው አገር የመጣ ሊሆን ይችላል። ከምሳ በኋላ ወደ አምስት ኪሎ ጥቂት ወረድ ሲሉ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው፣ ከታችኛው ፎቅ ናት፤ ለተመልካች የሚቀርበው ቅጅው ቢሆንም ቁመቷን አይቶ የማይገረም የለም።

ቅዳሜ የፒያሳ ቀን ነው። እዚህ ላይ ታላላቆቻችን የነገሩንን መተው አለብን። በ2016 ዓ.ም. አያሌ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው መንገዱ ስለ ሰፋ፣ «ከዚያ ኬክ ቤት ወደ ግራ ታጠፉ» የሚለው ምክር ኬክ ቤቱን የሚያጣበት ጊዜ አለ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ግን በቦታው ነው፤ ስምንት ማዕዘን ያለው ይህ ካቴድራል የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሲሆን ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ጭነውበታል። ከዚያው አጠገብ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም አለ። እቴጌ ጣይቱ ያቋቋሙት የአገሩ የመጀመሪያ ሆቴልም ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ በ2007 ዓ.ም. እሳት ጎድቶት ነበር።

አሁን ክትፎው። ክትፎ የጉራጌ ምግብ ነውና በጉራጌ ወግ መበላት አለበት፤ በጣባ ቀርቦ፣ ከአይብና ከጎመን ጋር፣ በቆጮ። ቆጮ ከእንሰት ተፍቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተብላልቶ የሚጋገር ስለሆነ ሽታው ለጎጃሜ አፍንጫ እንግዳ ነው፤ ሁለት ጉርሻ ታግሶ ሦስተኛውን የሚጠላ ግን አልሰማሁም። አስተናጋጁ «ጥሬ፣ ለብ ለብ፣ ወይስ የበሰለ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥሬው ኮሶ ሊያስከትል እንደሚችል የማያውቅ የለምና ለነገ መንገደኛ የበሰለውን እመክራለሁ። ቅቤው ስለሚያጠግብ ለሁለት ሰው አንድ ማዘዝ አያሳፍርም። ከምሳ በኋላ መርካቶ በእግር ይወረዳል፤ እሑድ አብዛኛው ሱቅ ስለሚዘጋ መርካቶን ለቅዳሜ ማድረግ ነው። ጎጃም በረንዳ የሚባል ሰፈር እንዳለ ሲያይ ደስ የማይለው የአገራችን ልጅ የለም፤ ቦርሳውን ግን ከፊቱ ይያዝ።

እሑድ መስቀል አደባባይ። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ በግድግዳው ላይ ያሉት ፎቶግራፎች ብዙዎቹ የእኛን ዕድሜ ያላለፉ ልጆች ናቸው። እዚያ ስንገባ ሳቃችን ቆመ፤ እስክንወጣም አልተመለሰም። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት የአፍሪካ አዳራሽም በቅርብ ነው፤ የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ለማየት ግን አስቀድሞ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል። ለምሳ ጣልያን ትቶት የሄደውን ፓስታ፣ ከዚያም ማኪያቶ። ከተወደደ የመንገድ ዳር ጀበና ቡና አለ።

የዘመድ ቤት የሚጠየቀው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። መጀመሪያ ቀን የሄደ ተማሪ አክስቱ «ምን ከተማ ታያለህ፣ ቁጭ ብለህ ብላ እንጂ ልጄ» ብላ ሦስቱንም ቀን ታስቀረዋለች፤ እንቢ ማለትም ነውር ነው። ወደዚያ ከመሄድ በፊት የመመለሻውን ቲኬት መቁረጥ ይበጃል፤ ገንዘቡም ከሐሙስ ጀምሮ ለብቻው በካልሲ ውስጥ መቀመጥ አለበት። እኛ ሦስታችን በዚህ ዕቅድ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ልንሄድ ተስማምተናል። አንዱ ጓደኛችን ስለ ክትፎው እስከ ዛሬ ድረስ አልተለመነንም።