ያውቁ ኖሯል? የማይታየው መርዝ

እየሮጡና እየዘለሉ በሚያልፏቸው የቪዲዮ ጌሞች መርዛማ ጋዝ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ደመና ሆኖ ይሳላል፤ ተጫዋቹ አይቶ እንዲሸሸው ነው። ቤት ውስጥ የሚገድለው ግን አይታይም።

እንደ መርጡለ ማርያም ባለው የጎጃም ደጋ ሌሊቱ ሲበርድ፣ ቡና የተፈላበት የከሰል ምድጃ ፍሙ ሳይሞት መኝታ ክፍል ይገባል። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ሲቀላ አደጋው ያለፈ ይመስላል። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ይጣበቃል።

ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማዎ በሩን ከፍተው ሁሉንም ወደ ውጭ ያውጡ፤ ፈጥነውም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ፍም ባለበት ክፍል አይተኙ። ጌም እንደገና ይጀመራል፤ ሕይወት ግን አንዲት ናት።