የዳክዬዎች ማዕድ

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ባለው የፎገራ ረግረግ አጠገብ የሚያልፍ መንገደኛ፣ የዱር ዳክዬዎች በመንጋ ሆነው ሲወርዱ ያያል። ከነዚህ መካከል ብዙዎቹ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የመጡ እንግዶች ናቸው። እስከ መጋቢትና ሚያዝያ ድረስ ከርመው ወደ መጡበት ይመለሳሉ።

ሁሉም ባንድ ውሃ ላይ ሲንሳፈፉ ለሚመለከት ሰው፣ ባንድ ማዕድ የሚሻሙ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ምንቃሩ እንደ አካፋ የሰፋው ዳክዬ፣ በምንቃሩ ጠርዝ ላይ እንደ ማበጠሪያ በተደረደሩት ቀጫጭን ጥርስ መሰል ነገሮች ውሃውን እያጠለለ ጥቃቅን ነፍሳትንና ዘርን ያስቀራል። ጅራቱ እንደ ወስፌ የሾለውና አንገቱ የረዘመው ደግሞ፣ ራሱን ወደ ታች ደፍቶ ጅራቱን ወደ ሰማይ አቁሞ ከጭቃው ውስጥ ዘርና ሥር ይለቅማል። ሌላው ወደ ዳር ወጥቶ እንደ በግ ሣር ይግጣል። ጠልቀው የሚመገቡም አሉ። በእንቁላል መጣያ ወራት እንስቶቹ ትላትልና ቀንድ አውጣ ያዘወትራሉ፤ እንቁላል ለመሥራት ዘር ብቻ አይበቃምና። ጫጩቶቹም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያድጉት በነፍሳት ነው።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሐይቅ ሆኖ ሳለ፣ ዳር ዳሩ ያለው ረግረግ ተጠንፍፎ ቢታረስ ዳክዬዎቹ ምን ይጎድልባቸዋል?

መልሱ ከጥልቀቱ ላይ ይገኛል። ራሱን ደፍቶ የሚመገበው ዳክዬ አንገቱ የሚደርስለት 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ የሐይቁ አማካይ ጥልቀት ግን 8 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ውሃ ለርሱ ማረፊያ እንጂ ማዕድ ሊሆነው አይችልም። ማዕዱ ደንገልና ቄጠማ የበቀለበት፣ ሰው ሲሻገረው ከጉልበቱ የማያልፈው ጠባብ ዳርቻ ነው።

የፎገራ ገበሬ ከዚሁ እርጥብ መሬት ሩዝ አምርቶ ልጆቹን ያሳድጋል፤ ይህንንም ማንም አይነቅፍም። ነገር ግን የመጨረሻው ደንገል ሲነቀል ሐይቁ ከሩቅ እንደ ሞላ ይታያል፤ እንግዳው ግን ተርቦ ያልፋል። ነገ የመሬት ካርታ ፊታቸው ላይ የሚዘረጋላቸው ወጣቶች፣ «ባዶ ረግረግ» ብለው ከመጻፋቸው በፊት ባንድ የጥቅምት ማለዳ ወርደው ቢያዩት መልካም ነው።