ያለ ፈቃድ የሚሠራበት የአየር ሞገድ

የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ፥ በ900 ሜጋኸርዝ፥ በ2.4 እና በ5.8 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያሉትን የራዲዮ ሞገዶች ማንም ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ እንዲሠራባቸው አደረገ። በዚህም ምክንያት የኬብል ሽቦ ያልደረሰላቸው ብዙ ገበሬዎች፥ በእህል ጎተራና በውሃ ማማ ላይ አንቴና ከሚተክሉ አነስተኛ ድርጅቶች ኢንተርኔት ለማግኘት ቻሉ።

ይሁን እንጂ ያለ ፈቃድ ማለት ያለ ሕግ ማለት አይደለም። የማሰራጫው ኃይል ከ1 ዋት እንዳይበልጥ ተወስኗል። ተጠቃሚውም ባለ ፈቃዱን እንዳያውክ ይገደዳል፤ እርሱ ራሱ ቢታወክ ግን መታገሥ አለበት።

በ2009 ዓ.ም. በፖርቶ ሪኮ፥ በሳን ሁዋን፥ ለአውሮፕላኖች የነፋስን አደጋ የሚያመለክተው ራዳር በእነዚህ መሣሪያዎች ታውኮ ነበር። ከራዳር ጋር በሚጋሩት ሞገድ የሚሠራ መሣሪያ አስቀድሞ 60 ሴኮንድ ያህል ማዳመጥ፥ ራዳር ሲያገኝም ሞገዱን መልቀቅ ግዴታው ነው። የገበሬው ጥቅም የመንገደኛውን ሕይወት የሚያሰጋ እንዳይሆን ደንቡን መጠበቅ ይገባል።