ስጦታ ነው ወይስ መብት? ከሐደራ ገበያ የተጀመረ ወሬ

የዛሬው ወሬያችን ትልልቅ የመብራትና የጋዝ ኩባንያዎች ለማኅበረሰቡ ስለሚሰጡት ነገር ነው።

ዓርብ ጠዋት ሐደራ ገበያ በርበሬ ስገዛ፣ አንዲት እናት ለጎረቤታቸው «የመብራት ሰዎች ሂሳቤን ቀነሱልኝ፣ እግዜር ይስጣቸው» ሲሉ ሰማሁ። ጎረቤታቸው ደግሞ «እኔንማ ረሱኝ፤ ምን አጥፍቼ ይሆን?» አሉ።

ምንም አላጠፉም እኮ! ቅናሹ የኩባንያ ደግነት ሳይሆን ሕግ ነው። የእርጅና ጡረታ ከገቢ ማሟያ ጋር የሚቀበሉ አረጋውያንና ሌሎች ባለመብቶች፣ በየወሩ ከመጀመሪያው 400 ኪሎዋት ሰዓት ላይ 50 በመቶ ይቀነስላቸዋል። ጠጋ ብዬ ስጠይቃቸው፣ የመብራት ሂሳቡ ገና በሟች ባላቸው ስም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የኩባንያዎችን ነገር በሦስት ከረጢት ከፍዬ ነው የማየው።

አንደኛው፣ ሕግ የሚያስገድደው ነው። በሐደራ ባሕር ዳር ያለውን የኦሮት ራቢን ጣቢያ ታውቁታላችሁ፤ በድንጋይ ከሰል የኖረ፣ ጭስ ማውጫዎቹ ከሩቅ የሚታዩ። በ2008 የወጣው የንጹሕ አየር ሕግ እንዲህ ዓይነት ጣቢያ የሚያወጣውን ጭስ ይገድባል። ማጣሪያ መትከል ለሰፈሩ የተደረገ ውለታ አይደለም።

ሁለተኛው፣ የሕዝብ ድርሻ ነው። ከባሕር ከሚወጣው ጋዝ መንግሥት 12.5 በመቶ ሮያሊቲ ይወስዳል። በ2011 በወጣው ሕግ ደግሞ ከትርፉ ላይ ተጨማሪ ግብር ይከፈላል፤ ይህ ገንዘብ በ2022 ሥራ ወደጀመረው የእስራኤል ዜጎች ፈንድ ይገባል። የእኛም ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው፣ እውነተኛው ስጦታ ነው፦ ሚልጋ፣ የመጫወቻ ሜዳ፣ ኮምፒውተር። ይህን አልንቅም። እኔ ራሴ በአንድ ኩባንያ ሚልጋ አንድ ዓመት ተምሬያለሁ። በሁለተኛው ዓመት ግን ቀረ፤ ማንን ልጠይቅ? ስጦታ ነዋ!

ስለዚህ ኩባንያ ሰፈራችሁ መጥቶ ሪባን ሲቆርጥ አመስግኑ፣ ግን ጠይቁም። ለስንት ዓመት ነው? ምን እንደሚያስፈልገን ማን ጠየቀን? በሕግ ያለበትን ዕዳስ ከፍሏል?

አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ሰንበት ሲወጣ አያቶቻችሁ ዘንድ ሂዱ፣ የመብራት ሂሳቡን አብራችሁ እዩ። በማን ስም ነው? ቅናሹ አለበት? ከሌለ ወደ መብራት ኩባንያና ወደ ቢቱአህ ሌኡሚ አብራችሁ ደውሉ።

እስከሚቀጥለው ክፍል፣ ሰንበት ሰላም!